ኤይጂ ሳዋሙራ፦ አሜሪካን እምቢ ያለው ክንድ

ቤዝቦል ባይገባንም ሾሄይ ኦታኒ የሚባለውን ጃፓናዊ ስልካችን ላይ አይተነዋል። የ700 ሚሊዮን ዶላር ውሉንም ሰምተናል። የቡድን ጓደኛው ዮሺኖቡ ያማሞቶ ደግሞ ከጃፓን ተነስቶ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲገባ ለ12 ዓመት በ325 ሚሊዮን ዶላር ነው የፈረመው። ዛሬ ጎበዝ የጃፓን ተጫዋች አሜሪካ ሄደ ሲባል ማንም አይደነቅም። እንዲያውም ያልሄደ እንደሆነ ነው ምን ነካው የሚባለው።

ዛሬ የምነግራችሁ ግን አሜሪካኖቹ ሊያስቀሩት ፈልገው እምቢ ስላላቸው ልጅ ነው። ስሙ ኤይጂ ሳዋሙራ ይባላል። የኖረው 27 ዓመት ብቻ ነው። በጃፓን ስሙን የማያውቅ የቤዝቦል ሰው የለም፤ ከጃፓን ውጪ ግን ብዙም አይወራለትም። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ጨዋታውን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። በቤዝቦል ኳስ የሚወረውረው ሰው ፒቸር ይባላል፤ እኛ ወርዋሪ እንበለው። ከ18 ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ ቆሞ፣ ዱላ ይዞ ለሚጠብቀው መቺ ይወረውራል። መቺው ሦስት ጥሩ ኳሶችን ከሳተ ወይም ዝም ብሎ ካሳለፈ በቃ፣ ወጣ። ስትራይክ አውት የሚባለው ይሄ ነው። ኳሷን መትቶ ከአጥር ካሻገራት ደግሞ ሆም ረን ነው፣ ያለ ክርክር ነጥብ። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው። ወርዋሪው ጥሩ ከዋለ ቡድኑ መሸነፉ ከባድ ነው፤ መጥፎ ከዋለ ደግሞ የቀሩት ስምንቱ ምንም ቢሆኑ ዋጋ የለውም። የሳዋሙራ ሥራ ይሄ ነበር።

የተወለደው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1917 ኡጂያማዳ በምትባል ከተማ ነው። ዛሬ ኢሴ ትባላለች፤ ጃፓኖች ከሁሉም በላይ የሚያከብሩት የሺንቶ መቅደስ ያለባት ናት። አባቱ አትክልትና ፍራፍሬ ነጋዴ ነበር። ልጁ ሲወረውር ግራ እግሩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ያነሳና፣ ሙሉ ሰውነቱን ተከትሎ ክንዱ ይመጣል። ፎቶዎቹ አሁንም አሉ፤ አንዴ ያያቸው ያን እግር አይረሳውም። ሁለት መሣሪያ ነበረው። አንዱ በጣም ፈጣን ቀጥተኛ ኳስ ነው። ሌላው መቺው ጋ ደረሰ ሲባል ድንገት ወደ መሬት የሚወርድ ጠማማ ኳስ ነው።

ኪዮቶ የንግድ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ኮሺየን በሚባለው ስታዲየም በሚካሄደው የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ተሰለፈ። ይህን ውድድር እንደ ተራ የተማሪ ጨዋታ እንዳታዩት። በዚያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ የፕሮፌሽናል ሊግ የሚባል ነገር የለም። ሕዝቡ የሚያብደው በተማሪዎች ጨዋታ ነው፤ ትልቁ ክብር ደግሞ ከኮሺየን ወጥቶ ለቶኪዮ ዩኒቨርሲቲዎች መጫወት ነው። ሳዋሙራም የሚጠበቀው በዚያው መንገድ እንዲሄድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጋዜጣ መሃል ገባ።

ማትሱታሮ ሾሪኪ የዮሚዩሪ ጋዜጣ ባለቤት ነው። ጋዜጣ እንዴት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1931 የአሜሪካ ኮከቦችን አስመጥቶ የጋዜጣው ሽያጭ ሲያድግ አይቷል፤ ያኔ ግን ትልቁ ስም ቀርቶበት ነበር። ትልቁ ስም ቤብ ሩት ነው። በዚያ ዘመን ቤብ ሩት ማለት ለዛሬው እግር ኳስ ሮናልዶና ሜሲ ተደምረው ማለት ነው፤ ማጋነን አይደለም። በ1934 ሾሪኪ ሩትን ጭምር አሳምኖ አመጣው። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ቡድኑ ቶኪዮ ሲገባ በጊንዛ ጎዳና የወጣው ሕዝብ መኪኖቹን ማንቀሳቀስ እስኪያቅት ድረስ ነበር።

ችግሩ የሚገጥማቸው ቡድን ከየት ይምጣ የሚለው ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በ1932 ተማሪዎች ከፕሮፌሽናሎች ጋር እንዳይጫወቱ የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ስለዚህ ከአሜሪካኖቹ ጋር መጫወት የፈለገ ተማሪ ትምህርቱን መተው አለበት። ሳዋሙራ 17 ዓመቱ ነው። ተወው። ትምህርት ቤቱን ለቆ፣ የዩኒቨርሲቲውን መንገድ ዘግቶ፣ የሾሪኪን ቡድን ተቀላቀለ።

ይቺን ውሳኔ ያዙልኝ። በኋላ ዋጋዋ ከሆም ረን ሁሉ ይበልጣል።

አሜሪካኖቹ ጃፓኖቹን ደበደቧቸው። ሌላ ቃል የለውም። ከ20 ነጥብ በላይ ያገቡባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ነበሩ። ሩት 39 ዓመቱ ነው፣ ሰውነቱም ከብዷል፤ ሆኖም በጃፓን ቆይታው 13 ሆም ረን መታ። ሳዋሙራም ራሱ መጀመሪያ ሲሰለፍ በሚገባ ተመትቷል። ይሄን የምለው ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ነው።

ኖቬምበር 20 ቀን 1934 ግን ሌላ ቀን ነበር። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 11 ቀን 1927፣ ጣልያን እኛን ሊወር አንድ ዓመት እንኳ ያልቀረው ጊዜ መሆኑ ነው። ቦታው ሺዙኦካ ከተማ፣ ኩሳናጊ ስታዲየም።

ልጁ ወጣና መወርወር ጀመረ። ቻርሊ ጌሪንገርን አስወጣው። ቤብ ሩትን አስወጣው። ሉ ጌሪግን አስወጣው። ጂሚ ፎክስንም አስወጣው። አራቱን በተከታታይ፣ በስትራይክ አውት። እነዚህ አራት ሰዎች ከጊዜ በኋላ አንድ በአንድ የአሜሪካ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ ውስጥ የገቡ ናቸው። ከመካከላቸው ተራ ተጫዋች የለም። የሚጥላቸው ደግሞ ከወራት በፊት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ ይሄድ የነበረ ልጅ ነው።

እስከ ሰባተኛው ዙር ዜሮ ለዜሮ። ጌሪግ ተመልሶ መጣ፣ ያቺን ወደ ታች የምትወርድ ኳስ ጠበቃትና ከአጥር አሻገራት። አንድ ለዜሮ። የአሜሪካኖቹ ወርዋሪ ኧርል ዋይትሂል በበኩሉ ጃፓኖቹን ምንም አላስቆጠራቸውም፣ ጨዋታው በዚያው አለቀ። ሳዋሙራ ዘጠኝ ሰው በስትራይክ አውት አስወጥቶ ተሸነፈ።

ጌሪግ እንዴት መታው ለሚለው ጃፓኖች የሚያወሩት ነገር አለ። ልጁ ጠማማዋን ኳስ ሊወረውር ሲል ሳያውቀው አፉን ያጣምም ነበር፣ ያንን ሩት አይቶበት ለጓደኞቹ ነገራቸው ይባላል። በሌላ በኩል ፀሐይዋ ከወርዋሪው ጀርባ ስለነበረች ነው መቺዎቹ ያላዩት የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም ለማመንም ለመካድም ብዙ አልታገልም። ፀሐይዋ ለዋይትሂልም ያው ፀሐይ ነበረች፤ ደግሞ ዘጠኝ ስትራይክ አውት በፀሐይ ብቻ አይገኝም። በዚያው ጉዞ ከሺዙኦካ በኋላ ሲሰለፍ እንደገና መመታቱም እውነት ነው። አንድ ቀን ነው የጀገነው፤ ግን ለአንድ ሀገር አንዳንዴ አንድ ቀን ይበቃል። ጃፓን በአንድ ወር ውስጥ ስትሸነፍ ስትሸነፍ ከርማ፣ አንድ ለዜሮ የተሸነፈችበትን ቀን እንደ ድል ያዘችው።

ሾሪኪም ብረቱን በጋለበት ቀጠቀጠው። ዲሴምበር 26 ቀን 1934 ያንን ቡድን መሠረት አድርጎ የጃፓን የመጀመሪያውን ዘላቂ የፕሮፌሽናል ክለብ አቋቋመ። በነገራችን ላይ፣ ሩትን በማምጣቱ የተቆጣ አንድ አክራሪ ብሔርተኛ በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ሾሪኪን ጋዜጣው በር ላይ በሰይፍ መትቶት ለጥቂት ነው የተረፈው። የጃፓን አየር ምን እንደሚሸት ከዚህ መገመት ይቻላል። ያው ሀገር ለሩት ባንዲራ ያውለበልባል፣ ያው ሀገር ሩትን ያመጣውን ይቆርጣል።

በዚያው ፌብሩዋሪ ክለቡ በመርከብ ወደ አሜሪካ ተነሳ። ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርሱ የክለቡ ኦፊሴላዊ ስም ረጅምና ለፈረንጅ አፍ የማይመች ሆነ። ሌፍቲ ኦዱል የሚባለው የጃፓን ወዳጅ አሜሪካዊ ተጫዋች ቶኪዮ ጃያንትስ በሉት አላቸው። ዛሬ የጃፓን ሀብታሙና ዝነኛው ክለብ ዮሚዩሪ ጃያንትስ ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው።

ጉዞው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከአራት ወር በላይ፣ ከመቶ በላይ ጨዋታ። ዛሬ እዚህ ተጫውተው፣ ሌሊቱን ተጉዘው፣ ነገ ሌላ ከተማ። ከዌስት ኮስት የፕሮፌሽናል ቡድኖች ጋርም፣ ከየመንደሩ የሠራተኛ ቡድኖች ጋርም፣ አሜሪካ ከተወለዱ የጃፓን ልጆች ቡድን ጋርም ተጫወቱ። ካናዳም ገቡ። አብዛኛውን አሸነፉ። ሳዋሙራ አንዱ ዋና ወርዋሪ ነበር፤ ሌላው ቪክቶር ስታርፊን፣ ከአብዮቱ የሸሹ ሩሲያውያን ልጅ ሆኖ ጃፓን ያደገ ረጅም ወጣት ነው።

ስታዲየሞቹን የሚሞሉት በተለይ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ጃፓናውያን ነበሩ። ይሄ የራሱ ትርጉም አለው። አሜሪካ በ1924 ባወጣችው ሕግ ጃፓናዊ ስደተኛ እንዳይገባ ከልክላለች። ቀድሞ የገባው አባት ገበሬም ሆነ ባለሱቅ፣ ዜግነት ማግኘት አይችልም። በእሁድ ቀን ቤተሰቡን ይዞ ስታዲየም ሲሄድና የሀገሩ ልጅ ነጮቹን በስትራይክ አውት ሲያስወጣ ማየት ምን እንደሚመስል፣ ውጭ ሀገር ያላችሁ አንባቢዎች ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ እምቢታው እንምጣ።

በዚሁ ጉዞ ላይ ሆነ የሚባል ታሪክ አለ። አንድ ሰው ከጨዋታ በኋላ ወረቀት ይዞ ይመጣና ሳዋሙራን ፈርምልኝ ይለዋል። ልጁ እንደለመደው ለአድናቂ ፊርማ መስሎት ይፈርማል። ሰውየው ለካ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ተጫዋች መልማይ ነው፤ ወረቀቱም የሥራ ውል። በኋላ ሰውየው ልጁን ልውሰድ ብሎ ሲመጣ የክለቡ ኃላፊዎች ደንግጠው ነገሩን አፈረሱት። ታሪኩ ሲነገር ሲነገር ቅመም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ግን አሜሪካኖቹ እንደፈለጉት ነው። ከዚያ በፊትም በ1934 የአሜሪካኖቹ አሰልጣኝ ኮኒ ማክ ሊወስደው እንደፈለገ ይነገራል።

ሳዋሙራ ራሱስ? አልፈለገም። ከጉዞው በኋላ በጃፓን መጽሔት ላይ አሜሪካን እንደማይወዳት በግልጽ ጽፏል። ምክንያቶቹን ስታዩ ትስቃላችሁ። ቋንቋው አይገባውም። ሩዝ እንደልቡ አይበላም። የአሜሪካ ሴቶች ኩራተኞች ናቸው፤ ሴት ባለችበት ወንድ የጫማውን ክር እንኳ ማሰር አይችልም ብሎ ያማርራል። (ይቺ ዛሬ ብትለጠፍ ኮሜንቱን አስቡት።)

በኋላ በጦርነቱ ጊዜ እሱን የሀገር ፍቅር ምልክት ለማድረግ ብዙ ተብሏል፤ አሜሪካን ናቀ ተባለ። እኔ ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። 18 ዓመቱ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ የእናቱ ቤት ምግብ ናፍቆታል። የተሰደደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ናፍቆት ነው፤ ፖለቲካ አይደለም። እሱ ክለቡ በ1936 እንደገና አሜሪካ ሲሄድም አብሮ ሄዶ ተጫውቶ ተመልሷል። እዚያ መኖር ነው ያልፈለገው።

ለነገሩ ቢፈልግስ? ስደተኛን በሚከለክል ሕግ መሃል እንዴት ሊያስገቡት እንዳሰቡ አላውቅም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ጃፓናዊ በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የወረወረው በ1964 ነው፤ ማሳኖሪ ሙራካሚ ይባላል፣ ለሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ። ከሳዋሙራ ወረቀት 29 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሀገሩ የገባው ሳዋሙራ ግን እሳት ሆነ። በ1936 የጃፓን ፕሮፌሽናል ሊግ ተጀመረ። ሴፕቴምበር 25 ላይ ከኦሳካ ታይገርስ ጋር ሲጫወት ሙሉ ጨዋታ አንድም ሰው በአግባቡ ሳይመታበት ጨረሰ። ይህ ኖ ሂተር ይባላል፤ ብዙ ትልልቅ ወርዋሪዎች ዕድሜ ልካቸውን ሳያዩት ይሞታሉ። በጃፓን ፕሮፌሽናል ታሪክ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሲለይ ጃያንትስና ታይገርስ ሦስት ጨዋታ ገጠሙ። ሳዋሙራ በሦስቱም ወረወረ። ጃያንትስ ሁለቱን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዛሬው ቤዝቦል ወርዋሪ አንዴ ከሠራ አምስት ስድስት ቀን ያርፋል። ያኔ ማረፍ የሚባል ነገር የለም፤ ክንዱ እስካለ ድረስ ይወረውራል።

በ1937 የፀደይ ውድድር 24 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ። በዘጠኝ ዙር በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ 0.81 ነበር። ለማታውቁት፣ ከ3 በታች ከሆነ ጎበዝ ነው ይባላል፤ ከ1 በታች የሆነ ሰው ግን በየዘመኑ አይገኝም። ሜይ 1 ላይ ታይገርስን ሁለተኛ ኖ ሂተር አጠጣቸው። በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ኮከብ ተጫዋች ተብሎም ተመረጠ። ዕድሜው 20።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ደስ የሚል ታሪክ ነበር።

ጃፓን በጁላይ 1937 ከቻይና ጋር ሙሉ ጦርነት ገባች። በ1938 ጃንዋሪ ሳዋሙራ ተጠራ። ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ውሳኔ የመጣችው አሁን ነው። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ወጣት ምልመላው ይዘገይለታል፤ ይህ መብት የቀረው በ1943 ነው። አንዳንድ ተጫዋቾች የማታ ትምህርት ተመዝግበው በዚያ ተርፈዋል። ሳዋሙራ ግን ለሺዙኦካዋ ጨዋታ ሲል የትምህርቱን በር ዘግቶታል። የሀገሩ ዝነኛ ወርዋሪ ቢሆንም በወረቀት ላይ ተራ ወጣት ነው።

33ኛው እግረኛ ሬጅመንት ውስጥ ገብቶ ቻይና ተላከ። ወደ ሌላ ሀገር የዘመተ ወራሪ ጦር ነበር፤ ያ ጦር በቻይና ሕዝብ ላይ ያደረሰው ግፍ የታወቀ ነው። የሳዋሙራ ታሪክ ሲነገር የግሉ ሐዘን ብቻ እየተወራ ይሄ ሲረሳ አይቻለሁና ልጥቀሰው። ጦሩ ውስጥ ስሙ የገነነው በጠመንጃ አይደለም። የእጅ ቦምብ በመወርወር ነው። አለቆቹ እንዲህ ያለ ክንድ አግኝተው ዝም አይሉም፤ ውድድር ይደረጋል፣ እሱ ይወረውራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ጦር ሜዳ ላይም ወርውር ይባላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የቤዝቦል ኳስ ክብደቷ 145 ግራም ገደማ ነው። የጃፓን እግረኛ የሚይዘው የእጅ ቦምብ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሦስት እጥፍ። ለቀላል ኳስ በሙሉ ኃይል እንዲፈተለክ የሠለጠነን ትከሻ በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ብረት ስታስወረውሩት ጅማቱ ይላላል፣ ይቀደዳል። ሐኪም የለ፣ ዕረፍት የለ። በተጨማሪ ግራ እጁን በጥይት ቆሰለ። ወባም ያዘው፤ ከዚያ በኋላ እየተነሳበት ቆይቷል።

በ1940 ተመለሰ። ሕዝቡ ስታዲየም ሞልቶ ጠበቀው። ያ ወደ ሰማይ የሚነሳው እግር ግን የለም። ክንዱን ከላይ ማውረድ አልቻለም፤ ከጎን ዝቅ አድርጎ መወርወር ጀመረ። ፍጥነቱ ሄዷል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ያበቃል። እሱ ግን ኳሱን የት እንደሚያሳርፍ፣ መቺው ምን እንደሚጠብቅ እያሰበ በጭንቅላት መጫወት ተማረ። ጁላይ 6 ቀን 1940 ናጎያን ሦስተኛ ኖ ሂተር አደረገባቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከቤብ ሩቱ ቀን ይልቅ ይህኛው ይገርመኛል። በ17 ዓመቱ የጣላቸው አምላክ በሰጠው ክንድ ነው። በ23 ዓመቱ ያደረገው ግን በተሰበረ ክንድ ነው። በዚያ ዓመት 7 አሸንፎ 1 ተሸነፈ፤ በ1941 9 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። አገባም።

ወዲያው እንደገና ተጠራ። አሁን ጦርነቱ ከአሜሪካ ጋር ነው፤ የተላከውም ወደ ፊሊፒንስ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ሆም ረን የመታበት ጌሪግ በዚያው ዓመት ጁን ላይ በነርቭ በሽታ በ37 ዓመቱ ሞቷል። ሩት ደግሞ የፐርል ሃርበርን ዜና ሲሰማ ከጃፓን ያመጣቸውን ስጦታዎች በመስኮት ወረወራቸው ይባላል።

በ1943 ሳዋሙራ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ የሚያውቀው ሊግም አልነበረም። የእንግሊዝኛ ቃል የጠላት ቋንቋ ተብሎ ከሜዳው ወጥቷል፤ ዳኛው ስትራይክ ማለት አይችልም፣ በጃፓንኛ ሌላ ነገር ይላል። ሦስት ጊዜ ተሸንፎ አንዴም ሳያሸንፍ ቀረ። 0.81 የነበረው ቁጥር 10.64 ደረሰ። ኳሷ መቺው ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ምቱኝ እያለች ነው። በመጨረሻው ጨዋታው የገባው በወርዋሪነት ሳይሆን ዱላ ይዞ በሌላ ሰው ምትክ ነው።

ከ1944 ውድድር በፊት ጃያንትስ አሰናበተው። በእሱ ስም የቆመ ክለብ ነው፤ ትምህርቱን ያቆመለት፣ መቶ ጨዋታ አሜሪካን የዞረለት፣ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ወርውሮ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያመጣለት። ጦርነት ነው፣ ገንዘብ የለም፣ የሚወረውር ክንድ ይፈለጋል ሊባል ይችላል። ሆኖም ያንን ክንድ ማን እንዳጠፋው ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ለማን ሲል እንደጠፋም እንዲሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተጠራ። ሕፃን ልጅ ነበረችው። የተሳፈረባት መርከብ ሃዋይ ማሩ ትባላለች፤ ወታደር ጭና ወደ ፊሊፒንስ አቅጣጫ ትጓዝ ነበር። ዲሴምበር 2 ቀን 1944 ከደቡብ ጃፓን ያኩሺማ ደሴት አካባቢ ሲ ዴቭል የተባለች የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታቻት። ሳዋሙራ እዚያው ባሕር ውስጥ ቀረ። 27 ዓመቱ ነበር። ከሺዙኦካው ቀን 10 ዓመት ከ12 ቀን በኋላ።

በፕሮፌሽናል ሊጉ 63 ጊዜ አሸንፎ 22 ጊዜ ተሸንፏል። ለዘመናት ሲዘከር ለኖረ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አብሮት አሜሪካ የዞረው ስታርፊን ከ300 በላይ አሸንፏል። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም። የዓመታት ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1947 ጃያንትስ 14 ቁጥር ማሊያውን ከጥቅም ውጪ አደረገው። ያሰናበተው ክለብ ነው ይህን ያደረገው። በዚያው ዓመት በስሙ ሽልማት ተጀመረ። ሳዋሙራ ሽልማት በየዓመቱ ለጃፓን ምርጥ ወርዋሪ ይሰጣል፤ ይሰጣል ሲባል ደግሞ ተገኝቶ ከሆነ ነው። መመዘኛው ለብዙ ዓመታት በጣም ከባድ ነበር፦ 15 ማሸነፍ፣ 150 ስትራይክ አውት፣ 200 ዙር መወርወር፣ 10 ጨዋታ ብቻውን ጀምሮ መጨረስ እያለ ይቀጥል ነበር። የዛሬ ክለቦች የወርዋሪን ክንድ እንደ እንቁላል ስለሚጠብቁ 10 ጨዋታ ብቻውን የሚጨርስ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በ2019ም በ2024ም የሚገባው ሰው የለም ተብሎ ሽልማቱ ሳይሰጥ ታልፏል።

የሸላሚዎቹን ሳይሆን የተሸላሚዎቹን ዝርዝር ስታዩት ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ሂዴዮ ኖሞ በ1990 ወሰደው፣ በ1995 አሜሪካ ሄደ። ዳይሱኬ ማትሱዛካ ወሰደ፣ ሄደ። ዩ ዳርቪሽ ወሰደ፣ ሄደ። ማሳሂሮ ታናካ ሁለት ጊዜ ወሰደ፣ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ያማሞቶ በ2021፣ በ2022 እና በ2023 ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዶ ነው ዶጀርስ የገባው፤ በ2025 የአሜሪካ የፍጻሜ ውድድር ኮከብ ተብሎ የተመረጠውም እሱ ነው። የእነዚህ ሁሉ መንገድ ያለፈው አሜሪካ መኖር አልፈልግም ባለው ሰው ስም በኩል ነው።

ኩሳናጊ ስታዲየም ዛሬም አለ። እዚያ ሁለት የነሐስ ሐውልቶች ቆመዋል። አንዱ ሳዋሙራ ነው፣ እግሩን አንስቶ ሊወረውር። ሌላው ቤብ ሩት ነው፣ በዚያ ቀን ሆም ረን የመታው እሱ ባይሆንም።